ዶክተር ሪቻርድ ብራይት፦ ስውሩን የኩላሊት በሽታ በሽንት ምርመራ የገለጡ ሐኪም

የእርግዝና ክትትል የምታደርግ እናት፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወይም ፊቱ አብጦ የመጣ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ከሚታዘዙላቸው ምርመራዎች አንዱ የሽንት ምርመራ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው ቀጭን የምርመራ ወረቀት በሽንቱ ውስጥ ነክሮ የቀለሙን ለውጥ ይመለከታል። ከሚፈለጉት ነገሮች መካከል አንዱ ፕሮቲን ነው፤ በሽንት ውስጥ በተደጋጋሚ ፕሮቲን መገኘቱ ኩላሊት መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላልና። ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስደው ይህ ምርመራ ከኩላሊት በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት በግልጽ የታወቀው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በለንደኑ የጋይስ ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ብራይት ባደረጉት ጥናት ነው።

ዶክተር ብራይት ለኩላሊት በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት አላገኙም። በዘመናቸው የኩላሊት እጥበትም ሆነ ንቅለ ተከላ አልነበረም። ለሰው ልጅ ያበረከቱት ትልቅ ነገር ሌላ ነው፤ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ፣ በቀላል መሣሪያና በጥንቃቄ በተሞላ ምልከታ፣ ሳይታይ የሚያድገውን በሽታ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። የዛሬው የኩላሊት ሕክምና የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ በመሆኑ የሕይወት ታሪካቸው ከሐኪሞች ባሻገር ለማንኛውም ዜጋ የሚጠቅም ትምህርት ይዟል።

ልጅነት፣ ትምህርትና ጉዞ

ሪቻርድ ብራይት የተወለዱት እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1789 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የወደብ ከተማ ነው። አባታቸው የታወቁ ነጋዴና የባንክ ባለቤት ስለነበሩ ልጁ በሀብት እጦት ሳይቸገሩ የመማር ዕድል አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1808 ወደ ስኮትላንድ አቅንተው ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በመጀመሪያ የተከታተሉት ፍልስፍናና ሒሳብን የመሳሰሉ ትምህርቶችን ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ሕክምና ዞሩ።

የሕክምና ትምህርታቸውን ገና ሳይጨርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ሰር ጆርጅ ማኬንዚ የተባሉ ተመራማሪ ወደ አይስላንድ ባደረጉት የጥናት ጉዞ ላይ ተካፈሉ። ኋላ ታዋቂ ሐኪም የሆኑት ሄንሪ ሆላንድም የጉዞው ባልደረባ ነበሩ። ወጣቱ ብራይት በደሴቲቱ የሚገኙትን እንስሳትና ዕፀዋት እያዩ መዘገቡ፤ ማስታወሻቸውም ስለ ጉዞው በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ተካተተ። ያዩትን ነገር በዝርዝር የመመዝገብና በሥዕል የማስቀመጥ ልማዳቸው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይታያል። ይኸው ልማድ በኋላ ለሕክምና ሥራቸው ዋና መሣሪያ ሆነ።

ከአይስላንድ ሲመለሱ በለንደን በጋይስ ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ያህል ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ኤድንብራ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1813 የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት በአውሮፓ ረጅም ጉዞ ጀመሩ። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት በቪየና ጉባኤ ተሰብስበው በነበረበት ክረምት በከተማዋ ተገኙ፤ ከዚያም ወደ ሃንጋሪ ዘለቁ። በመመለሻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1815 የዋተርሉ ጦርነት ከተካሄደ ብዙም ሳይቆይ ብራስልስ ደርሰው ቁስለኞች የሞሉባቸውን ሆስፒታሎች ተመለከቱ። የሃንጋሪውን ጉዞ የሚተርከውን ትልቅ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ከሣሏቸው ሥዕሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1818 አሳትመዋል።

በጋይስ ሆስፒታል

ዶክተር ብራይት ወደ ለንደን ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ በመጀመሪያ በከተማዋ የትኩሳት ሕሙማን ሆስፒታል አገለገሉ። በዚያም የሚያክሟቸው ሰዎች በሽታ ተጋብቶባቸው ከሞት አፋፍ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1820 የጋይስ ሆስፒታል ረዳት ሐኪም፣ በ1824 ደግሞ ሙሉ ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

የጋይስ ሆስፒታል በዋናነት አቅም የሌላቸው የለንደን ነዋሪዎች የሚታከሙበት ተቋም ነበር። በዚያን ጊዜ በሆስፒታሉ ከሠሩት ሐኪሞች መካከል ቶማስ አዲሰንና ቶማስ ሆጅኪን ይገኙበታል። የሦስቱም ስም ለየብቻ ባጠኗቸው በሽታዎች መጠሪያነት በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ሰፍሯል። ዶክተር ብራይትና ዶክተር አዲሰን የሕክምና መማሪያ መጽሐፍም በጋራ ጽፈዋል።

ዶክተር ብራይት በየዕለቱ ረጅም ሰዓት በሕሙማን አልጋ አጠገብና በአስከሬን መመርመሪያው ክፍል ያሳልፉ ነበር። የሥራቸው ዘዴ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ የሚታይበትን ምልክት ሁሉ ቀን በቀን መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ የሕመምተኛው ሽንትና ደም በኬሚስት እንዲመረመር ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ሕመምተኛው ከሞተ አስከሬኑን መርምሮ በሕይወት ሳለ የታየውን ምልክት በውስጥ አካሉ ላይ ከተገኘው ጉዳት ጋር ማነጻጸር ነው። እነዚህን ሦስት መንገዶች አንድ ላይ አጣምሮ በብዙ ሕሙማን ላይ ሳያቋርጡ መሥራት ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር።

የእብጠት ምንጭ

በዚያ ዘመን ከሚፈሩት ሕመሞች አንዱ የሰውነት እብጠት ነበር። የሕመምተኛው ፊት ማለዳ አብጦ ይታያል፤ እግሩ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፤ መተንፈስም ያቅተዋል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ውኃው ለምን እንደሚጠራቀም፣ ከየትኛውስ የአካል ክፍል ጉዳት እንደሚነሣ የጠራ እውቀት አልነበረም።

አንዳንድ ጥቆማዎች ግን ቀድመው ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ሰውነቱ ያበጠ ሕመምተኛ ሽንት በእሳት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ ክፍል እንደሚረጋ አስተውለዋል። ከዶክተር ብራይት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም ዊልያም ቻርልስ ዌልስና ጆን ብላካል የተባሉ ሐኪሞች በእንግሊዝ ተመሳሳይ ነገር አይተው ጽፈዋል። ሆኖም የሚረጋው ሽንት የኩላሊት መበላሸት ምልክት መሆኑን አጥብቆ ያረጋገጠ አልነበረም።

ዶክተር ብራይት ያንን ክፍተት ሞሉት። ሰውነታቸው አብጦ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡ ሕሙማንን ሽንት ዘወትር እያሞቁ ይመረምሩ ጀመር። ሽንታቸው የሚረጋው ሕሙማን ሲሞቱ አስከሬናቸው ሲመረመር ኩላሊታቸው በተደጋጋሚ ተጎድቶ ተገኘ። እብጠቱ ከጉበት በሽታ የመነጨባቸው ሰዎች ሽንት ግን በአብዛኛው አይረጋም ነበር። በዚህ ንጽጽር ከኩላሊት የሚመጣውን እብጠት ከልብና ከጉበት ከሚመጣው መለየት ተቻለ። ለሕመምተኛው ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም፤ ሐኪሙ የትኛው የአካል ክፍል እንደታመመ ሳያውቅ የሚሰጠው ሕክምና በጨለማ እንደ መደናበር ነበርና።

የጥናታቸው የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1827 ታተመ፤ ሁለተኛው በ1831 ተከተለ። መጽሐፉ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ታሪክ ከመታከሚያው ቀን እስከ መጨረሻው ይተርካል። የተጎዱትን ኩላሊቶች መልክና ቀለም በጥንቃቄ የሚያሳዩ ባለ ቀለም ሥዕሎችንም ይዟል። አንዳንዶቹ ኩላሊቶች ለስላሳና ቢጫማ፣ ሌሎቹ የገረጡና ፍርክስክስ ያሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የተኮማተሩና የደደሩ ነበሩ። ዶክተር ብራይት እነዚህ መልኮች የአንድ በሽታ የተለያዩ ደረጃዎች ይሁኑ ወይም የተለያዩ በሽታዎች በእርግጠኝነት አልወሰኑም፤ ጥያቄውን ክፍት አድርገው ለተከታዮቻቸው ተዉት። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ እየታገዙ በርካታ የተለያዩ የኩላሊት በሽታዎች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ሁሉም በአንድነት የብራይት በሽታ ተብለው ለረጅም ዘመን ሲጠሩ ኖረዋል።

ማንኪያና ሻማ

ዶክተር ብራይት የሚጠቀሙበት የሽንት ምርመራ ማንኛውም ሐኪም በየትኛውም ቤት ሊሠራው የሚችል ነበር። ጥቂት ሽንት በማንኪያ ተደርጎ በሻማ ነበልባል ላይ ይሞቃል። ሽንቱ ሲሞቅ ደፍርሶ ወይም ረግቶ ከታየ አልቡሚን የተባለው የፕሮቲን ዓይነት በውስጡ አለ ማለት ነው። ጤናማ ኩላሊት ይህን ፕሮቲን በደም ውስጥ ስለሚያስቀር የጤነኛ ሰው ሽንት በዚህ ሁኔታ አይረጋም።

ምርመራው በማንኪያ ብቻ አልተወሰነም። ዶክተር ብራይት የኬሚስትሪ ሊቅ ከነበሩት ሐኪም ከጆን ቦስቶክ ጋር ተባብረው ይሠሩ ነበር። ቦስቶክ የሕሙማኑን ሽንትና ደም ሲመረምሩ፣ በሽንት የሚባክነው ፕሮቲን በደም ውስጥ እንደሚቀንስ ተገነዘቡ። በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪያ የተባለው ቆሻሻም በደም ውስጥ እንደሚጠራቀም አዩ። የኤድንብራው ሐኪም ሮበርት ክሪስቲሰን ጥቂት ቆይተው ባደረጉት ጥናት ይህንኑ አጠናከሩ። ስለዚህ የኩላሊት በሽታ ሁለት ገጽታ እንዳለው ታወቀ። መቅረት የሚገባው ነገር ይወጣል፤ መውጣት የሚገባው ነገር ይቀራል። የዛሬው የኩላሊት ምርመራም በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል፤ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይፈለጋል፣ በደም ውስጥ ደግሞ የዩሪያና የክሪያቲኒን መጠን ይለካል።

ልብና የደም ግፊት

እ.ኤ.አ. በ1836 ዶክተር ብራይት ሽንታቸው አልቡሚን ያለበት የአንድ መቶ ሕሙማንን ታሪክና የአስከሬን ምርመራ ውጤት በሠንጠረዥ አሰናድተው አሳተሙ። በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ደጋግሞ ታየ፤ ከብዙዎቹ ሕሙማን ዘንድ ልብ ከልክ በላይ ገዝፎ ተገኘ። ልብን ሊያገዝፍ የሚችል የቫልቭ ብልሽት ያልታየባቸውም በርካቶች ነበሩ።

የደም ግፊት መለኪያ በዚያን ጊዜ በሕክምና አገልግሎት ላይ አልዋለም። ዶክተር ብራይት ግን የሕሙማኑ የደም ሥር ትርታ ጠንካራ መሆኑን በእጃቸው ዳስሰው አስተውለው ነበር። በኩላሊት መበላሸት የተነሣ የተለወጠው ደም በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ለማለፍ ስለሚቸገር ልብ ከወትሮው በበለጠ ኃይል እንዲገፋ ተገድዶ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ከእርሳቸው ሞት በኋላ፣ በ1870ዎቹ፣ በዚያው በጋይስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፍሬደሪክ ማሆመድ የትርታን ኃይል በሚመዘግብ መሣሪያ ተጠቅመው ከፍተኛ የደም ግፊት ከኩላሊት በሽታ ቀድሞ ሊከሠት እንደሚችልም አሳዩ። በመጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የደም ግፊት መለኪያ አስተዋወቁ።

የደም ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊትም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ የሚሄድበት ይህ ዙር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለኩላሊት ሥራ ማቆም ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ዶክተር ብራይት የዙሩን ምልክት ከአንድ መቶ ሰዎች ታሪክ ውስጥ አውጥተው ማሳየታቸው ከሥራዎቻቸው ሁሉ አርቆ አሳቢነታቸው ጎልቶ የሚታይበት ነው።

ለኩላሊት ሕሙማን የተለየ ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1842 የጋይስ ሆስፒታል ኃላፊዎች ለዶክተር ብራይት ጥናት ሁለት የሕሙማን ክፍሎችን ለስድስት ወር ፈቀዱ። በክፍሎቹ 42 አልጋዎች የነበሩ ሲሆን 24ቱ ለወንዶች፣ 18ቱ ለሴቶች ተመደቡ። ከሕሙማኑ ክፍል አጠገብም ሐኪሞች የሚመካከሩበት ክፍልና ላቦራቶሪ ተዘጋጀ። ጆርጅ ሂላሮ ባርሎውና ጆርጅ ኦወን ሪስ የተባሉ ባልደረቦቻቸው በሥራው ተሳትፈው ውጤቱን በሆስፒታሉ የጥናት መጽሔት አወጡ።

ይህ ዝግጅት በታሪክ የመጀመሪያው የኩላሊት ሕክምና ክፍል ተደርጎ ይወሰዳል። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአንድ ስፍራ ተኝተው፣ በአንድ ቡድን እየታዩ፣ ሽንታቸውና ደማቸው በዚያው አጠገብ ሲመረመር የታየው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ነበር። ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኙት የኩላሊት ሕክምና ክፍሎች፣ ሐኪም፣ ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ ተቀናጅተው የሚሠሩባቸው የእጥበት ማዕከላትም ጭምር፣ የዚያ ሐሳብ ፍሬዎች ናቸው።

ሕክምናው ያልደረሰበት ወሰን

ዶክተር ብራይት በሽታውን ለማወቅ የቻሉትን ያህል ለመፈወስ አልቻሉም። በእጃቸው የነበረው የዘመኑ ሕክምና ነበር፤ ደም ማውጣት፣ በወገብ ላይ ዋግምት ማድረግ፣ የሚያስቀምጥና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መስጠት፣ በሙቅ ውኃ መታጠብ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እብጠቱን ለጊዜው ቢቀንሱም የተበላሸውን ኩላሊት አያድኑም ነበር። ደም ማውጣቱ ደግሞ አስቀድሞ የደከመውን ሕመምተኛ ይበልጥ ሊያዳክም እንደሚችል ዛሬ ይታወቃል።

ዶክተር ብራይት ይህን የአቅም ወሰን በጽሑፋቸው አልሸሸጉም። የዳኑትን ብቻ መርጠው አላቀረቡም፤ በመጽሐፎቻቸው ውስጥ በርካታ የሞቱ ሕሙማን ታሪክ ከነዝርዝሩ ይገኛል። በሽታው ከሥር ከሰደደ በኋላ ተስፋው እጅግ የመነመነ መሆኑን ስለተገነዘቡ፣ ገና በጅምሩ እንዲታወቅና ሕመምተኛው ራሱን እንዲጠብቅ አጥብቀው ይመክሩ ነበር። ከብርድና ከእርጥበት መጠበቅን፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ መልበስን፣ ከአልኮል መጠጥ መቆጠብን ያዝዙ ነበር። ስካርሌት ፊቨር የተባለው የልጆች ትኩሳት ካለፈ በኋላ የኩላሊት ሕመም ሊከተል እንደሚችልም አስተውለዋል። ይህ ምልከታቸው በኋላ ዘመን ምክንያቱ ታውቋል፤ ያንን ትኩሳትና አንዳንድ የጉሮሮ ሕመሞችን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን የሚያስቆጣ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል።

የግል ሕይወትና የመጨረሻ ዓመታት

ዶክተር ብራይት እ.ኤ.አ. በ1822 የታወቁት ሐኪም የዊልያም ባቢንግተንን ልጅ ማርታን አገቡ። ማርታ ግን በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጅ ከወለዱ በኋላ አረፉ። የእብጠትን ምንጭ የሚያሳየው ታላቅ ጥናት የተካሄደው ከዚህ ኀዘን በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ኤሊዛ ፎሌትን አግብተው ሌሎች ልጆች አፈሩ። ከልጆቻቸው መካከል ጀምስ ፍራንክ ብራይት የታሪክ ምሁር ሆነዋል፤ ጆርጅ ቻርልስ ብራይት ደግሞ የአባታቸውን ሙያ ተከትለዋል።

ዝናቸው እያደገ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ1837 ንግሥት ቪክቶሪያን ከሚያገለግሉ ሐኪሞች አንዱ ሆነው ተሾሙ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚም በኩላሊት በሽታ ላይ ላደረጉት ጥናት ሽልማት ሰጥቷቸዋል። በ1840ዎቹ አጋማሽ ላይ የሆስፒታል ሥራቸውን ትተው በግል ሕክምና ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1858 በለንደን በልብ ሕመም ምክንያት በ69 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩትም በከተማዋ በኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ነው።

ከምርመራ ወደ እጥበት

ዶክተር ብራይትና ባልደረቦቻቸው በደም ውስጥ ቆሻሻ እንደሚጠራቀም ካሳዩ በኋላ የቀረው ጥያቄ ያንን ቆሻሻ እንዴት ከደም ማውጣት ይቻላል የሚል ነበር። መልሱ ደረጃ በደረጃ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1861 የኬሚስትሪ ሊቁ ቶማስ ግራሃም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን አማካይነት የተለያዩ ነገሮችን ከፈሳሽ የመለየት ዘዴያቸውን አሳትመው ዲያሊስስ የሚለውን ስያሜ ሰጡት፤ በዚህ መንገድ ዩሪያን ከሽንት ለመለየትም ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1913 ጆን ጄኮብ ኤብልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የእንስሳትን ደም ከሰውነት ውጪ በማጠብ ሞከሩት። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሃስ በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በኔዘርላንድስ ዊለም ኮልፍ የሚሽከረከር ከበሮ ያለው የእጥበት መሣሪያ ሠሩ፤ በ1945 በዚህ መሣሪያ የታከሙ አንዲት ሴት ከሞት ተረፉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ቤልዲንግ ስክሪብነርና ባልደረቦቻቸው በሲያትል ከተማ በክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ ቱቦ በማዘጋጀታቸው፣ ኩላሊታቸው ጨርሶ ሥራ ያቆመ ሰዎች ለዓመታት እየታጠቡ መኖር ቻሉ።

በአገራችንም የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ይሁን እንጂ እጥበትም ሆነ ንቅለ ተከላ ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ብዙ ይጠይቃል። በመሣሪያ የሚደረግ እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰውም መድኃኒቱን በየዕለቱ ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል። ሁለቱም ሕይወትን የሚያተርፉ ሕክምናዎች ቢሆኑም፣ በሽታው እዚያ ደረጃ ሳይደርስ መታወቁ የተሻለ ነው።

ዜጎች ሊያውቁት የሚገባ

የኩላሊት በሽታ በጅምሩ ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። አንድ ሰው አብዛኛው የኩላሊቱ አቅም እስኪጠፋ ድረስ ጤነኛ ነኝ ብሎ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው፣ በቤተሰባቸው ውስጥ የኩላሊት ሕመም የታየባቸው፣ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፉ ሰዎች በየጊዜው የደም ግፊታቸውን መለካት፣ ሽንታቸውንና ደማቸውን መመርመር ይገባቸዋል።

ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ወቅት የሚታዘዝላቸውን የሽንትና የደም ግፊት ምርመራ ሊያስቀሩ አይገባም። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት መጨመርና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መታየት ለእናቲቱም ለፅንሱም አደገኛ የሆነ ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ልጆች የጉሮሮ ሕመም ካለፋቸው በኋላ ባሉት ሳምንታት ፊታቸው ካበጠ ወይም ሽንታቸው ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ማለዳ ፊት ማበጥ፣ የእግር እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የሽንት መጠን መቀነስና ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም የታየበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ መመርመር አለበት። ትኩሳትና ከባድ የአካል እንቅስቃሴም ለጊዜው በሽንት ውስጥ ፕሮቲን እንዲታይ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ በአንድ ምርመራ ብቻ ሳይደነግጡ ምርመራውን በባለሙያ ምክር መድገም ተገቢ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማዘውተር፣ ይዘታቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችን መጠቀም፣ የታዘዘን የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ደኅና ሆኛለሁ ብሎ ማቋረጥ ኩላሊትን ለጉዳት ያጋልጣል።

ዶክተር ሪቻርድ ብራይት በማንኪያና በሻማ የጀመሩት ምርመራ ዛሬ በአነስተኛ የጤና ተቋም ጭምር ሊሠራ የሚችል ሆኗል። እርሳቸው በሽታውን አውቀውት ለማዳን የሚያስችል መድኃኒት አጥተው ነበር። ዛሬ ግን በጊዜ የታወቀ የኩላሊት ጉዳት የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን በመቆጣጠር፣ የጨው መጠንን በመቀነስና ተስማሚ መድኃኒት በመውሰድ ብዙውን ጊዜ ሊገታ ወይም ሊዘገይ ይችላል።